የእድራችን የመድኃኒት ሣጥን

በ2008 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለልሁ። የእኛ አገር ዝናብ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅምና በረንዳ የተጋራ ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ መነጋገሩ አይቀርም። ያን ዕለት የተጋሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በኋላ ለደረሰው ሁሉ ጥፋቱ የእኛ የሰሚዎቹ ነበር። ተናጋሪስ አላጣንም።

አንደኛው ጋሽ ፈንታው ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ ለቡና ለቀማ መጥተው እዚሁ ትዳር ይዘው የቀሩ፣ በመንግሥት የቡና እርሻ ሃያ ስድስት ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ። የተቀደደ ጆንያ ጠቅመው፣ የተበጠሰ ገመድ ቀጥለው የሚያኖሩ፣ አንድ ነገር ያለ ሥራ ሲወድቅ ማየት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ትሁት ናት። አባቷ ሸኮ ገበሬ ነው፤ እሷ ቴፒ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ስትማር ባዮሎጂ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን በጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች። እኔ ዓለምሰገድ እባላለሁ፤ ስለ ባክቴሪያ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን የማነሣው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ በኋላ የማፍርበት ስለሆነ ነው።

ጋሽ ፈንታው በብብታቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። የመጡት ከአቶ ከፈለኝ ቤት ነው። ጎረቤታችንን አቶ ከፈለኝን ከቀበርን አራተኛ ቀናችን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሣጥናችን መናገር አለብኝ። እድራችን እንደማንኛውም እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳሕን አለው። ከዚህ ሌላ ግን በሌላ እድር ያላየሁት አንድ ንብረት ነበረው፤ ድሮ የቡና ናሙና ይላክበት የነበረ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን። አባል ሲሞት፣ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ጋሽ ፈንታው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዱና ሟች ጀምሮ ያልጨረሰውን መድኃኒት ይቀበላሉ። በሕይወት ያለውም ቁስሉ ሲደርቅለት የተረፈውን ካፕሱልና ቅባት ያመጣል። የታመመ ሰው በራቸውን ያንኳኳል፤ እሳቸው ሣጥኑን ከፍተው ለቁስል ካፕሱል፣ ለሚያሳክክ ቅባት ይሰጣሉ። የሚከፈል ነገር የለም። ሰፈሩ በዚህ ሣጥን ይኮራ ነበር፤ እኔም እኮራ ነበር።

ትሁት ከሰላምታው በኋላ ዓይኗን ከፌስታሉ ላይ አላነሣችም። የአቶ ከፈለኝ መድኃኒት መሆኑን፣ ወደ ሣጥኑም ሊገባ መሆኑን ከሰማች በኋላ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ጋሽ ፈንታው፣ አይቆጡኝና፣ አቶ ከፈለኝ ምን ታመው እንደሞቱ ያውቃሉ?» አለች።

«በምን አውቄ? እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ ለእሳቸው ያልሆነውን ለማን ሊሰጡት ነው?»

አነጋገሯ ከረር ያለ ነበር። ልጅ ናት፤ እውነትን ይዞ የሚሄድ ልጅ ደግሞ የሽማግሌ ክብር የት ጋ እንዳለ ቶሎ አይታየውም። ጋሽ ፈንታው ግን አልተቆጡም። ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉና ቀስ ብለው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ከጌጫ የመጣ አንድ ለቃሚ እግሩን ቆንጨራ ቆረጠው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የለም አሉ። ወደ ሚዛን እንዳንወስደው ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል። ሰውየው በስምንተኛው ቀን መጋዘኔ በር ላይ ሞተ። እሱን ከቀበርነው በኋላ ነው የሰማሁት፤ እዚያው ሰፈር ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች አንድ እሽግ ካፕሱል ቦይ ውስጥ ጥለው ነበር። በዚያው ሳምንት ነው፣ ትሰሚያለሽ? እሱ መድኃኒት አጥቶ ሲሞት መድኃኒቱ በውኃ ሄደ። ሣጥኑን ያቆምኩት ያኔ ነው። ስንቱን እንደረዳ ደግሞ እዚህ የቆመው መምህር ይመስክር።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ከሁለት ወር በፊት አንገቴ ላይ ብጉንጅ ወጥቶብኝ ነበር። ጋሽ ፈንታው ስድስት ካፕሱል ሰጡኝ። ሦስቱን እንደዋጥኩ ብጉንጁ ፈረጠ፤ ደረቀም። ሦስቱን አመስግኜ መለስኩላቸው፤ እሳቸውም መርቀውኛል። መድኃኒት ተጀምሮ አይቋረጥም እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ይህን አድርጌአለሁ። እና ምን ልበል? «ብዙ ሰው ረድቷል» አልኩ። ትሁት ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔ ዝናቡን አየሁ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ ለእሳቸው ነበር፤ በእኔ ተስፋ የቆረጠች ይመስለኛል። መድኃኒቱ ለሰባት ወይም ለዐሥር ቀን የሚታዘዘው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞተው ደካማው ጀርም ነው፤ ቁስሉም የሚደርቀው ያኔ ነው። ብርቱው ገና አለ። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ሲያቆም ብርቱው ብቻውን ይቀራል፤ መድኃኒቱን ቀምሶ ያልሞተ ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈራውም። ከዚያ በፎጣ፣ በአልጋ ልብስ፣ ሙጀሌ በሚወጣበት መርፌ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ዱሮ በአንድ ሳምንት ይዘጋ የነበረ ቁስል አሁን ወር እያስቆጠረ ወደ ጤና ጣቢያው እንደሚመጣ፣ የአንዳንዱንም ሰው ቁስል እነሱ ራሳቸው የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው እንደሚያዩት ነገረቻቸው። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መበተንም የባሰ ነው አለች፤ ላዩን ቅርፊት ያስይዝና መግሉን ከውስጥ ያስቀረዋል።

ጋሽ ፈንታው በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያም ጤና ጣቢያዋ በዓመት ስንት ወር መድኃኒት እንደሚኖረው ጠየቋት። የለም ሲባል ሰው ከየት እንዲያመጣ እንደምትፈልግ፣ ለቃሚ የቀን ሥራውን ትቶ ስንት ቀን ሰልፍ እንደሚይዝ ጠየቋት።  እውነታቸውን መሆኑን አመነች፤ የእነሱም ቤት ብዙ ጉድለት እንዳለበት አልካደችም። ይህን ስታምን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዷት መሰለኝ፣ ፊታቸው ፈታ አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ትሁት እትዬ ሸዋነሽ ከሰሞኑ ለምን እንዳልታዩ ጠየቀች። እትዬ ሸዋነሽ የጋሽ ፈንታው ባለቤት ናቸው። ጋሽ ፈንታው ምንም እንዳልሆኑ ነገሯት፤ ቅልጥማቸው ላይ ትንሽ ጭርት ወጥቶባቸው ከሣጥኑ ነጭ ቅባት እንደቀቡላቸው፣ በሦስት ቀን ማሳከኩ ጸጥ እንዳለ፣ ኋላ ግን ሰፍቶ እንደተመለሰ፣ ሲያኩት እንደቆሰለና አሁን ካፕሱል እየበተኑ እያደረቁት መሆኑን አወሩ።

የትሁት ፊት ተለወጠ። ነጩ ቅባት ማሳከክን የሚያስታግሥ እንጂ ጭርትን የሚገድል እንዳልሆነ ተናገረች። ቆዳው የሚከላከልበትን ጉልበት እያደከመ ጭርቱን በነጻ ያስፋፋዋል። ከዚህ ቅባት ጋር የተላመደ ጭርት ደግሞ እንደ ዱሮው በሁለት ሳምንት የሚለቅ አይደለም። በማግሥቱ ይዘዋቸው እንዲመጡ ለመነቻቸው።

«ደርቋል እኮ ልጄ፤ ላዩ ቅርፊት ይዟል» አሉ ጋሽ ፈንታው፣ ፌስታሉን ይዘው ወደ ጭቃው እየወረዱ።

በማግሥቱ አልሄዱም፤ በሳልስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ እሑድ እኔ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ሽታ ነበር፤ የሽታውን ምንነት ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። እትዬ ሸዋነሽ መደብ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። እግራቸውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ጋቢውን ይበልጥ ጎተቱት። ጋሽ ፈንታው ወደ ጓሮ ሲወጡ ጠብቄ እትዬ ሸዋነሽን ለምን ጤና ጣቢያ እንደማይሄዱ ጠየቅኋቸው።

«የሣጥኑ ባለቤት ሚስት ጤና ጣቢያ ሰልፍ ይዛ ከታየች፣ ነገ ማን ከእሱ እጅ መድኃኒት ይቀበላል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሃያ ሦስት ዓመት የደከመበት ነው መምህር። በእኔ እግር አላዋርደውም።»

ይህን ስሰማ ተነሥቼ መጮኽ ነበረብኝ። ሽማግሌ ላለማስቀየም ብዬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ እግዜር ይማርዎት ብዬ ወጣሁ። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለትሁት ነገርኳት። እሷ ግን እንደኔ የምታቅማማ አልሆነችም፤ ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ቁስሉን ለማየት ተፈቀደላት። ላዩ ጥቁር ቅርፊት ነው። ጠርዙን በጣቷ ጫን ስታደርገው ከሥሩ መግል ወጣ፤ እትዬ ሸዋነሽ ጥርሳቸውን ነከሱ። ዙሪያው እስከ ቁርጭምጭሚት ቀልቷል፤ ጭርቱም ከነጠርዙ ወደ ጉልበት ወጥቷል። ትሁት ቁስሉን አጥባ በንጹሕ ፋሻ ከሸፈነች በኋላ ከጋሽ ፈንታው ፊት ለፊት ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ እንደ በረንዳው ቀን አልከረረችም።

«ጋሽ ፈንታው፣ መጋዘን እያሉ አባቴ ጀንፈል ቡና ያስገባልዎት ነበር። ደርቋል ሲልዎት ዝም ብለው ይቀበሉት ነበር?»

«እኔ? በጥርሴ ሳልነክስ አንድ ጆንያ አስገብቼ አላውቅም።»

«ለምን? እጅዎ ላይ ደርቆ እያዩት?»

«ላዩማ በሦስት ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ውስጡ ነው ነገሩ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጀንፈል ካስገባሽ በሳምንቱ ይሻግታል፤ ከጎኑ ያለውን ደህናውንም ይዞት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከአንድ ጆንያ የተነሣ አንድ ረድፍ ሙሉ አስወጥቼ አውቃለሁ።»

«እትዬ ሸዋነሽ እግር ላይ ያለው እሱ ነው» አለች ትሁት። «ሣጥንዎ ውስጥ መድኃኒት የመለሰው ሰው ሁሉ ላዩ ደርቆለት የመለሰ ነው። ማንም በጥርሱ አልነከሰውም።»

ጋሽ ፈንታው አንገታቸውን ደፍተው ፋሻውን አዩ። የገባቸው መሰለኝ። ግን መግባትና ማመን ለየቅል ናቸው፤ በተለይ የሚታመነው ነገር የሃያ ሦስት ዓመት ደግነትን የሚያፈርስ ሲሆን። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ቡናና የሰው ሥጋ አንድ እንዳልሆነ፣ በቤታቸው ተቀምጣ ደግ ሥራቸውን ሻጋታ ማለቷ ነውር እንደሆነ ተናገሩ። ትሁት ተነሣች። ከበሩ ላይ ሆና ለእሳቸው ሳይሆን ለእትዬ ሸዋነሽ ነገ ማለዳ ባጃጅ ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻቸው። እትዬ ሸዋነሽ ባላቸውን አዩ፤ ባላቸው መሬቱን ያያሉ። እትዬ ሸዋነሽ ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ።

ማለዳ ባጃጁ መጣ፤ ባዶውን ተመለሰ። በአራተኛው ቀን እትዬ ሸዋነሽ ትኩሳት ጣላቸውና መቃዠት ጀመሩ። ያኔ የሣጥን ክብር የሚባል ነገር ከቤቱ ወጥቶ ጠፋ። ጋሽ ፈንታው ራሳቸው ባዶ እግራቸውን እየሮጡ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ትሁትን ጠሯት። ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ሚዛን ተፈሪ ላካቸው።

ሚዛን ሆስፒታል ውስጥ ዐሥራ ሰባት ቀን ተኙ። ከቁስሉ መግል ተወስዶ ለምርመራ ጅማ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሞቹ ያላቸውን መርፌ ሰጡ፤ ትኩሳቱ ወረድ ይልና ተመልሶ ይወጣል። ሕመሙ አጥንት ገባ። ወረቀቱ ሲመጣ ሐኪሙ ጋሽ ፈንታውን፣ እኔንና በዕረፍት ቀኗ የመጣችውን ትሁትን በረንዳ ላይ ጠርቶ አሳየን። በአንድ ወገን ጀርሙን የሚገድሉት መድኃኒቶች ተጽፈዋል፤ በሌላው ወገን የማይገድሉት። የማይገድሉት ዝርዝር ረጅም ነበር።

ጋሽ ፈንታው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ያዙ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ግን የመድኃኒቶቹን ስም ከፓኮው ላይ በማየት ለምደውታል። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች በዝርዝሩ ላይ ወረደ።

«ሣጥኔ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው» አሉ። «ሁሉም በዚህ በማይገድሉት ወገን ናቸው።»

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ትሁት ዞሩ።

«ይህ ጀርም ከእኔ ሣጥን ነው የወጣው?»

ትሁት ልታጽናናቸው ትችል ነበር፤ ልታደቃቸውም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ይህን በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሰው እንደሌለ ነገረቻቸው። ከሣጥኑ ሊሆን ይችላል። ያለ ማዘዣ ሁለት ሁለት ካፕሱል ከሚሸጡ ሰዎችም ሊሆን ይችላል። «ከእኛም ሊሆን ይችላል» አለች፤ «ሰልፉ ሲረዝም ሳንመረምር የምንሰጥ አለን። ጀርሙ መድኃኒቱን እንዳይፈራ ሁላችንም አስተምረነዋል።»

ጋሽ ፈንታው ወደ እኔ ዞሩ። በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«መጀመሪያ የበተንኩላት ያንተን ሦስቱን ነበር፣ መምህር። አዲስ ስለነበሩ ለእሷ ብዬ መርጬ አስቀምጬላት ነበር።»

ሦስት ካፕሱል የሰው እግር ይቆርጣል አልልም። የእኔን ጨርሼ ብውጥ ኖሮ የእትዬ ሸዋነሽ እግር ይተርፍ ነበር ማለትም አልችልም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር እነዚያ ሦስቱ ፊቴ ይደቀናሉ።

አጥንቱን ማዳን አልተቻለምና እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሆስፒታሉ የተቆረጠውን ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ጋሽ ፈንታው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በጋቢ ደግመው ሸፍነው ተቀበሉት። እትዬ ሸዋነሽ በአገሩ መሬት እንዲቀበር ብለዋልና ወደ ቴፒ በሚኒባስ ይዘነው ሄድን። ረዳቱ ዕቃውን ከላይ እንዲጭንላቸው ሲጠይቅ ጋሽ ፈንታው ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ ቴፒ ድረስ በጭናቸው ላይ አቅፈውት ተቀመጡ፤ መንገዱ ሲያነጥረን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይይዙታል። ሚስታቸው አዲስ ሙሽራ ሳሉ ከዚህ እግር ሙጀሌ ያወጡላቸው እንደነበር አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። 

ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቦታ ሰጡን። ጉድጓዱ ትንሽ ነበር። እድራችን ስንት ሰው ቀብሯል፤ ለዚህ ግን ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልተተከለም። እኔ፣ ጋሽ ፈንታውና ትሁት ብቻ ነበርን። እግሩ ከገባ በኋላ ጋሽ ፈንታው ወደ ቤት ሄደው አረንጓዴውን ሣጥን አምጥተው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አስቀመጡት። ሊከቱት ጎንበስ ሲሉ ትሁት እጃቸውን ያዘች።

«እዚህ አይሆንም፣ አባባ» አለች። ከዚያ በፊት አባባ ብላቸው አታውቅም። «መሬት ውስጥ ከገባ ውኃው ይወስደዋል። ወንዙ ይጠጣዋል፣ ከብቱ ይጠጣዋል። በጤና ጣቢያው የሚቃጠልበት ምድጃ አለ፤ አብረን እንወስደዋለን።»

ጋሽ ፈንታው ሣጥኑን እንደያዙ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ላዩን አይቼ ተቀበልኩ» አሉ። «የገበሬውን ቡና በጥርሴ እየነከስኩ፣ የሰውን ሥጋ ላዩን አይቼ ተቀበልኩ። አንቺ ልጅ ነግረሽኝ ነበር። ነገ ለእድሩ አንቺ አትናገሪ፤ እኔ እናገራለሁ። አንቺን አይሰሙሽም፤ እኔም አልሰማሁሽም።»

በጥር ወር በተደረገው የእድር ስብሰባ ጋሽ ፈንታው ባዶውን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቆሙ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ አባል ሣጥኑ እናቱን እንዳዳነለት ተናገረ፤ ሌላው ድሃ ወዴት ይሂድ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ፈንታው «እነዚህን ቃላት ከእኔ አፍ ነው የወሰዳችሁት» አሏቸው፤ «በረንዳ ላይ ለዚህች ልጅ የተናገርኩት ነው፤ ዛሬ መልሱን ከሚዛን ይዤላችሁ መጥቻለሁ።» ከዚያም አንድ በአንድ፣ ሳይደብቁ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ትሁት ባጃጅ፣ ስለ ወረቀቱ ተናገሩ። እኔም ተነሥቼ ስለ ሦስቱ ካፕሱሎች ተናገርኩ።  መምህር በሰው ፊት ሲያፍር ማየት ለሰፈሩ አዲስ ነበር፤ ለእኔም ቢሆን አዲስ ነበር።

የተወሰነው ይህ ነው። የሞተ ሰው መድኃኒትም ሆነ የተረፈ መድኃኒት ወደ ጤና ጣቢያው ምድጃ እንጂ ወደ ሕያው ሰው አይሄድም። እድሩ ሰው ከሞተ በኋላ ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ፣ አባል በሕይወት ሳለ የታዘዘለትን መድኃኒት ሙሉውን እንዲገዛ ይረዳል። ሰልፍ ለመያዝ አቅም ለሌለው ጎረቤቱ በተራ ይሰለፍለታል። ሙጀሌ የሚያወጣ ሰው መርፌውን ሳያፈላ ወደ ሌላ እግር አያሻግርም። የሚያሳክከው ሰው ከነቤተሰቡ ይመረመራል፤ አንዱ ብቻ ታክሞ በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኙት ካልታከሙ ልፋቱ ከንቱ ነውና።

ጥቅሙን ለአንባቢ መንገር ግዴታዬ ነው። በዓመቱ ጤና ጣቢያው ዘንድ ከእኛ ሰፈር የሚመጣ የከረመ ቁስል እንደቀነሰ ትሁት ነግራኛለች። ጭርት የወጣባቸው ልጆች ትክክለኛውን ቅባት እስከ መጨረሻው ተቀብተው ድነዋል። ቀድሞ የመጣ ሰው በርካሹ መድኃኒት ይድናል፤ የሥራ ቀኑም አይባክንም፤ ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ ለነገ ለሚታመመው ጉልበቱ ይቆይለታል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ደስ ብሎኝ አልጽፈውም። መድኃኒት የተላመደው ጀርም ስብሰባ አልመጣም፤ ቃለ ጉባኤያችንንም አልፈረመም። አሁንም በመካከላችን አለ። እኛ የተማርነው በአንዲት ሴት እግር ነው፤ ያውም በነጻ ሲነገረን የነበረውን።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ሸዋነሽን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ጎረቤታቸው በየነች መጣች። ክንዷ ላይ ቁስል አለባት። ዙሪያውን አየችና፣ ከሆስፒታል የተረፈ ካፕሱል እንዳላቸው ቀስ ብላ ጠየቀች። ስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው ውሳኔውን ከደገፉት አንዷ ናት።

እትዬ ሸዋነሽ አልተቆጧትም፤ አልመከሯትምም። ክራንቻቸውን አንሥተው ቆሙና ነጠላቸውን አጣፉ። በጭቃው ላይ ቀስ እያሉ፣ በየነችን ከጎን አስከትለው፣ እስከ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሰልፉ ውስጥ እስከ እኩለ ቀን ቆሙ። የታዘዘላት የዐሥር ቀን መድኃኒት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየነች ጠዋትና ማታ ወደ እሳቸው ቤት እየመጣች ፊታቸው ሆና ትውጣለች።

በሰባተኛው ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። በየነች ክንዷን ገልጣ አሳየቻቸው፤ ቁስሉ ጠግጎ አዲስ ቆዳ መልበስ ጀምሯል። የቀሩትን ፓኮው ውስጥ አየቻቸውና «ደርቋል እኮ እትዬ፣ ለምን እጨርሰዋለሁ?» አለች።

እትዬ ሸዋነሽ ውኃ የሞላውን ብርጭቆ አነሡና በእጇ አስያዟት።

«የኔም ደርቆ ነበር» አሏት።